የሰባተኛው ጥድ ቦታ

ከቀትር ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ሰማዩም እንደ ድስት ክዳን ዝቅ ብሎ ሐይቁ ላይ ተደፍቷል።

አማቴ ቪልሆ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ከፊት ይሄዳሉ። በእጃቸው የብረት ዘንግ ይዘዋል። አምስት እርምጃ ይራመዱና በረዶውን አንዴ ይወጉታል፤ ያዳምጣሉ፤ ደግሞ አምስት ይራመዳሉ። ባለቤቴ ታውኖ ሃያ እርምጃ ርቆ ይከተላቸዋል። ትከሻው ላይ ከወገብ የማያልፉ አሥራ አራት ትንንሽ ጥዶች በገመድ ታስረዋል። በየስልሳ እርምጃው አባቱ ቀዳዳ ይሠሩለታል፤ እሱ በመጥረቢያ የሾለውን የጥድ እግር በቀዳዳው ይሰካና ዙሪያውን አመዳይ ይጠቀጥቅበታል። ስንመለስ የምንከተለው እነዚህን ምልክቶች ነው። እኔ ከሁሉም ኋላ ሆኜ መንሸራተቻውን እጎትታለሁ። መንሸራተቻው ላይ መጋዝ፣ ጆንያ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እና የስድስት ዓመት ልጄ ኢንከሪ አሉ።

ወደ ደሴቱ ነው የምንሄደው። የቪልሆ ቤት የገና ዛፉን የሚቆርጠው ከዚያ ነው። ከበረቱ ኋላ ደን ሞልቶ ሳለ ማለት ነው።

ጠዋት ታውኖ ይህንኑ አንስቶ ነበር። "አባዬ፣ ከበረቱ ኋላ አንድ ቆንጆ አይቻለሁ። ሐይቁ በረዶ ከሠራ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ምን አስቸኮለን?"

"የገና ዛፍ ውኃ ተሻግሮ ይመጣል" አሉ ቪልሆ። "እናንተ ታምፔሬ ከተማ እንዴት እንደምታደርጉት አላውቅም።"

"እኛማ በአውቶቡስ ነው የምናመጣው" አልኩ። "ለዛፉም ትኬት እየቆረጥን።"

አማቴ ሳይሚ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሳቁ። ቪልሆ ግን አልሳቁም፤ ዘንጉን ከግድግዳው አነሱ።

ኢንከሪ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። አሥር ጊዜ ከመንሸራተቻው ወረደች፣ አሥር ጊዜ ወጣች። አንዴ ከኋላ ትገፋኛለች፣ አንዴ አመዳይ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። ከሰባተኛው ጥድ ላይ ቪልሆ ወደ ግራ ታጠፉ። እኔም ስታጠፍ መንሸራተቻው ተንሸራቶ ተገለበጠ።

"ወደቅሁ!" አለች እየሳቀች።

"ተነሺና እቃውን መልሺ" አልኩ፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ታውኖ ሰባተኛውን ተክሎ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። በአገጩ ወደ ቀኝ አመለከተኝ። "ከዚያ በኩል ውኃው ከስር ይሮጣል። በረዶው ክረምቱን ሙሉ አይጠነክርም። ከዚህ ሃያ እርምጃ ወደዚያ ብትሄጂ እኔ ከገና በፊት ሚስት ፈላጊ ነኝ።"

"ታገኛለህ?"

"በዚህ መንደር? ያሉት ሁለት መበለቶች ናቸው፤ አንደኛዋ አክስቴ ነች።"

እየሳቅን አለፍን።

ደሴቱ ላይ ዛፉን የሚመርጡት ቪልሆ ናቸው። ከአንዱ ጥድ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ቅርንጫፉን በዘንጉ ነካ አድርገው አመዳዩን ያራግፋሉ፣ ዙሪያውን ይዞሩታል። "ይህ አንድ ወገኑ ራሰ በራ ነው።" "ይህ እንደ ቄሱ አንገት ጠማማ ነው።" በመጨረሻ አንዱን መረጡ፤ ከታውኖ ቁመት ጥቂት የሚበልጥ፣ ቅርንጫፉ እኩል የወረደ። አባትና ልጅ ተንበርክከው መጋዙን ግራና ቀኝ ሳቡት። የተቆረጠ ጥድ ሽታ አየሩን ሞላው። ዛፉ ቀስ ብሎ ሲወድቅ ከሰማይ የመጀመሪያዎቹ አመዳዮች መውረድ ጀምረው ነበር። ሰፋፊ፣ ከባድ፣ ቀጥ ብለው የሚወርዱ።

"እንፍጠን" አሉ ቪልሆ።

ዛፉን እያሰርን ሳለ ኢንከሪ ከድንጋዩ ወዲያ ጠራችኝ። "እማዬ! አሁን ነይ! አይ፣ ሁላችሁም ኑ!"

አመዳዩ ውስጥ አንድ ትንሽ ጥድ ቆሞ ነበር። ቅርንጫፎቹ ላይ ከገለባ የሠራናቸው ሦስት ኮከቦች ተንጠልጥለዋል። ከላይ እስከ ታች የወረቀት ባንዲራዎች የተሰፉበት ክር ተጠምጥሞበታል። ባዶው የብስኩት ቆርቆሮ እግሯ ሥር ተከፍቷል።

"የራሴ ነው" አለች። "ትንሹን መረጥኩ።"

"ውይ ሲያምር!" አልኩ።

ቪልሆ ግን ጎንበስ አሉ። ጥዱን በአንድ እጃቸው ነቅለው ገለበጡት። እግሩ በሦስት የመጥረቢያ ምት ሾሏል። ኮከቦቹ ወደ ታች ተዘቅዝቀው ተወዛወዙ።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

ኢንከሪ ፊታቸውን አየች፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ።

"ከየት ነው ያልኩሽ!"

"አባዬ፣ አታስፈራራት" አለ ታውኖ።

"አንተ ዝም በል! ስድስት ዓመቷ ነው። የዚህ አገር ልጅ ጡት ሳይጥል ምልክት እንደማይነካ ያውቃል።"

"ማን ይንገራት?" አልኩ። "እኔም አልነገርኳት። እሷ የምታውቀው የታምፔሬን አደባባይ ነው። እዚያ በየገናው ጥዶች አመዳይ ላይ ተሰክተው በመስመር ይቆማሉ፤ እንወስዳታለን፣ 'የፈለግሽውን ምረጪ' እንላታለን።"

ቪልሆ ወደ ልጅቷ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። "ከየትኛው ቦታ? አስቢና ተናገሪ።"

"ከመጀመሪያው" አለች ኢንከሪ። "ከአያቴ ቤት አጠገብ።"

ታውኖ ትንፋሹን ለቀቀ። "ከመጀመሪያው ከሆነማ ምንም አይደል። ከዚያ የቤቱ መብራት ይታያል፤ በረዶውም ፈረስ ይሸከማል።"

ቪልሆም ጥቂት ቆመው፣ "እንግዲያው ስንደርስ እንመልሰዋለን" አሉና ትንሹን ጥድ ከነጌጡ መንሸራተቻው ላይ ጣሉት።

ልጄ እውነት ስትናገር ዓይን ዓይኔን ነው የምታየው። ያን ጊዜ የምታየው የቆርቆሮውን ክዳን ነበር። ይህን አየሁ፤ አየሁና ዝም አልኩ። እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ሐይቁ ላይ ስንወርድ የመምጫ ዱካችን ጠፍቶ ነበር። ከአንዱ ምልክት ሥር ቆሞ ሌላውን ማየት አይቻልም፤ ከአርባ እርምጃ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ነጭ ነው። ቪልሆ ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ታውኖ ጫፉን ያዘ። ትልቁ ዛፍ መንሸራተቻውን ስለሞላው ኢንከሪ በእግሯ ሄደች፤ የካፖርቴን ቀበቶ ይዛ ከጎኔ ሆነች። ቪልሆ እርምጃቸውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ስልሳ ሲሉ ከነጩ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል፤ ጥድ ይሆናል።

"አሥራ አራት" ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ከአንድ ይጀምራሉ።

አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት። ብርሃኑ ከነጭ ወደ ግራጫ መዞር ጀምሯል። ኢንከሪ ምንም አትናገርም። እሷ ዝም ስትል አላውቅም።

"ደከመሽ?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

"በረደሽ?"

አሁንም አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቀበቶዬን ግን በሁለት እጇ ያዘች።

ዘጠኝ። ስምንት። ስምንተኛው ጥድ ቅርንጫፉ ላይ አመዳይ ስለከበደበት ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ቪልሆ አራገፉለት፣ አቀኑት፤ መቁጠር ጀመሩ።

"ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ።"

ጥድ አልነበረም።

ቆሙ። ግራና ቀኝ አዩ። "በአዲስ አመዳይ እርምጃ ያጥራል" አሉ። "ጥቂት እንጨምር።"

ስልሳ አምስት። ሰባ።

"አባዬ" አለ ታውኖ።

"ተከተል።"

ሰባ አምስት። ሰማንያ። ዘንጉን አንስተው ወጉ።

እስከዚያ ድረስ በረዶው ሲወጋ እንደ ድንጋይ ይጮኽ ነበር። ይህኛው አልጮኸም። ዘንጉ በአንድ ምት እስከ ጓንታቸው ሰመጠ። ሲስቡት ውኃ ተከትሎት ወጣና አመዳዩን ከስር ወደ ላይ አጠቆረው።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ከእግራችን ሥር አንድ ድምፅ ተነሣ። ረጅም ነው፤ ሩቅ ቦታ ላይ አቡጀዲ የሚቀደድ ይመስላል። በስሬ አልፎ ወደ ኋላዬ ሄደ፣ ከዚያም ጠፋ።

"መስመር ስተናል" አለ ታውኖ። "ወይም..."

"ወይም ምን?" አልኩ።

"ወይም የጎደለው ሰባተኛው ነው።"

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። መስመር ስተን ከሆነ ጠንካራው በረዶ በየት በኩል እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ የምንወስደው እርምጃ ሁሉ ዕጣ ነው። የጎደለው ሰባተኛው ከሆነ ግን መታጠፊያውን በሃያ እርምጃ አልፈነዋል ማለት ነው፤ በዱካችን ሃያ ተመልሰን ወደ ቀኝ ብንታጠፍ እንወጣለን። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

"ኢንከሪ" አልኩ። "ጥዱን የነቀልሽው ከየት ነው?"

"ከመጀመሪያው። አልኩኮ።" አሁን እያለቀሰች ነው። "ከአያቴ ቤት አጠገብ።"

"ልጄ፣ እውነቱን..."

"እውነቴን ነው! እውነቴን ነው!"

በረዶው እንደገና ተሰነጠቀ፤ አጭር ድምፅ፣ ከቀኝ በኩል። ቪልሆ በሆዳቸው ተኙ። በዚያው ሁኔታ ወደ ኋላ እየተንፏቀቁ፣ ገመዱን ከስራቸው እየጎተቱ፣ ታውኖን አልፈው ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው አመዳይ ለብሶ ነበር። አጠገቧ ሲደርሱ አልተነሡም፤ ክርናቸውን ተደግፈው ከታች ወደ ላይ አዩአት። ጠጉራም ቆባቸውን አወለቁ።

"ኢንከሪ" አሉ። "እኔም በሰባት ዓመቴ አንድ ነቅያለሁ።"

ልጅቷ ለቅሶዋን ዋጠች። "ምልክት?"

"ምልክት። ከዚሁ ሐይቅ ላይ።"

"ለምን?"

"ፈረስ ላደርገው። በእግሬ መካከል አስገብቼ ልጋልብበት።"

"ከዚያስ? ደረሳችሁ?"

አመዳይ በራሰ በራቸው ላይ እየወረደ ይቀልጥ ነበር።

"እኔ ደርሻለሁ" አሉ።

ታውኖ ፊቱን ወደ አባቱ አዞረ። ቪልሆ ወንድም እንደነበራቸው አውቃለሁ። ኦኒ ይባል እንደነበር፣ በዘጠኝ ዓመቱ በዚህ ውኃ እንደቀረ አውቃለሁ። እንዴት እንደቀረ ግን በዚያ ቤት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

"አልጠየቁህም?" አለች ኢንከሪ።

"ጠይቀውኛል።"

"ምን አልካቸው?"

"አላየሁም አልኩ።" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የቦት ጫማዋን ጫፍ ያዙ። "አሁን ቁጣ የለም። ማንም አይቆጣሽም፤ እኔም፣ እናትሽም። የት እንደነበረ ብቻ ንገሪኝ።"

ኢንከሪ ወደ እኔ ቀና አለች፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ስወድቅ ነው" አለች። "መንሸራተቻው ሲገለበጥ። አባዬ ተክሎት ሄደ፣ እናንተም ስታወሩ ነበር። ጥዱ ራሴ አጠገብ ነበር። በጆንያው ሸፈንኩት።"

"የት ነው የተገለበጠው?" አሉ ቪልሆ፤ የጠየቁት እኔን ነው።

"መታጠፊያው ላይ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

ቪልሆ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። "ሁሉንም ተዉት። ዛፉንም፣ መንሸራተቻውንም። በሆዳችሁ ተኙ። በመጣንበት ዱካ ብቻ፤ ከዱካው አንድ ጣት አትውጡ። ቀላሏ ትቅደም።"

"እኔ ከፊት?" አለች ኢንከሪ።

"አንቺ ከፊት። ዱካውን በእጅሽ እየዳሰስሽ ቁጠሪልኝ። ሃያ ስትይ ቁሚ። ሃያ ድረስ ትችያለሽ?"

"መቶ ድረስ እችላለሁ።"

"መቶ አያስፈልገንም።"

ገመዱን ወገቧ ላይ አሰሩላት። ሄደች። ከእሷ ኋላ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ታውኖ፣ ከሁሉም ኋላ ቪልሆ። ከፊቴ የሚታየኝ የጫማዋ ሶል ብቻ ነበር። ዱካዎቹ ግማሽ በግማሽ ሞልተዋል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ትንሿን ጓንት ታስገባለች፣ ትጠራለች። "ሦስት። አራት።" ዘጠኝ ላይ ቆመች።

"ምን ሆንሽ?"

"አይታይም። ሞልቷል።"

"ዳስሺ" አሉ ቪልሆ ከኋላ። "ሥሩ የተጠቀጠቀ ነው። ለስላሳውን ተይው፣ ጠንካራውን ፈልጊ።"

ጥቂት ሴኮንዶች ያህል ነው የቆየችው። እኔ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሕይወቴን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ግራ ክርኔ ሥር በረዶው ጎበጠ። ውኃ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ ብርዱ እንደ እሳት ፈጀኝ። እንዳትዞር ብዬ አልጮህኩም።

"አገኘሁት" አለች። "ዘጠኝ። አሥር።"

ሃያ ስትል ቪልሆ በጎናችን አልፈው ተነሡ። ዘንጉን ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ ወጉ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ከእግራቸው አጠገብ ደግሞ አመዳዩን በእጃቸው ጠረጉ፤ የጡጫ ያህል ቀዳዳ ነበር፣ ገና ስስ በረዶ የጋገረበት። ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳረፉና ተነሡ።

"ቆርቆሮዬስ?" አለች ኢንከሪ። "ኮከቦቹስ?"

ታውኖ አንሥቶ ጀርባው ላይ አዘላት። ወደ ቀኝ ታጥፈን ስልሳ ቆጠርን። ስድስተኛው ጥድ ከጨለማው ውስጥ ብቅ አለ። ከዚያ አምስተኛው፣ ከዚያም የሳይሚ መብራት።

ሳይሚ በሩን ከፍተው ጠበቁን። የአሳማው ሥጋና የሩዝ ገንፎው ሽታ ወደ ደጅ ወጣ።

"ዛፉስ?" አሉ።

"ዘንድሮ ከበረቱ ኋላ እንቆርጣለን" አሉ ቪልሆ፤ ከነቦት ጫማቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከነጫማ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ሳይሚ አንዴ ጫማውን፣ አንዴ እኛን አዩ። እርጥብ እጅጌዬን ከክንዴ ላይ ገፈፉልኝ። ኢንከሪን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃው ፊት አስቀመጧት፣ ገንፎ ሰጧት። ሁለት ማንኪያ በላችና ቀና አለች።

"አባባ፣ አንተ ምልክቱን ስትነቅል ማን ተቆጣህ?"

በሳይሚ እጅ የነበረው ጭልፋ ድስቱ ላይ ቆመ።

"ማንም" አሉ ቪልሆ። "ለማንም አልነገርኩም ነበር።"

ሳይሚ ጭልፋውን አስቀመጡ። ሄደው ባላቸው ፊት ተንበረከኩና የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ማሰሪያው በበረዶ ደርቆ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ታውኖ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

ያን ሌሊት ኢንከሪ በመካከላችን ተኛች። ሐይቁ እስኪነጋ ድረስ ይጮኽ ነበር። በጮኸ ቁጥር እጄን ደረቷ ላይ አሳርፌ ትንፋሿን እጠብቃለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠራ። ታውኖና እኔ ወደ ዳርቻው ወርደን አየን። መንሸራተቻውን የተውንበት ቦታ ውኃ ነበር።